አንድ ቀን የቀደመ ማስታወሻ

ሪማይንድ በሊኑክስ ተርሚናል የሚሠራ የቀጠሮ አስታዋሽ ነው። የሚያነበው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ የእኛን የሚቀይርለት አጭር የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አደረግሁት፤ ከዚያ በኋላ ቀን መቁጠር ተውኩ።

በ2016 የጸሎት ጓደኛዬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት፣ «መስከረም 12 ጠዋት አሞራ ገደል እንሰነባበት» አለኝ። ማስታወሻው ሲጮህ ሄድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ አሉ፣ አባ ኮዳዎቹም አሉ፤ እሱ ግን የለም። «ንቆኝ ነው» ብዬ ስልኬን ዘጋሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ስከፍተው መልእክቱን አገኘሁ፦ «እስከ ቀትር ጠበቅሁህ። ምነው ቀረህ?»

የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት፣ 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነበር። እኔ የሄድኩት መስከረም 11 ቀን ነው!

ስክሪፕቱ በአንድ መስመር ተስተካከለ፦ ያለፈው ዓመት ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ አንድ ቀን ጨምር። ለጓደኛዬ ግን ደውዬ፣ በልቤ የፈረድኩበትን ሁሉ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ወዳጄ ሆይ፣ ዛሬ ሰው የቀረብኝ ሲመስለኝ አስቀድሜ የምፈትሸው የራሴን ቆጠራ ነው።