ካሜራው ከቢሮ ሳይሆን ከቡናው ይጀምር

ከአዲስ አበባ መቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የቴሌቪዥን ቡድን ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ሲደርስ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀርጸው ምንድን ነው? ቢሮ! ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ኃላፊ፣ ከጎኑ ባንዲራ። ቀጥሎ ድሮን ይነሳል፤ ደኑ ከላይ ይታያል፤ ሙዚቃ ይለቀቅበታል፤ ተራኪው «በተፈጥሮ የታደለው ኢሉባቦር» ብሎ ይጀምራል። ተመልካቹ ምን አየ? ደን። ምን አወቀ? ምንም።

ጥፋቱን ካሜራማኑ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው። የሚላከው የመኪናና የአበል ቀን ተቆጥሮ ነው። ጽሑፉ ከሪፖርት ይቀዳል፤ ምስል የሚፈለገው የተጻፈውን ለመሸፈን ነው። መሸፈኛ የሆነ ምስል ደግሞ ታሪክ አይነግርም።

ያዩን እንውሰድ። የዱር አረቢካ ቡና በዛፍ ጥላ ስር የሚበቅልበትን ይህን ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዝግቦታል። ይህን ማንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነግረናል። ፊቸር የሚያስፈልገው ለሌላው ጥያቄ ነው፦ ደኑን መንጥሮ በቆሎ መዝራት የሚችል ገበሬ ዛፉን ትቶ ቡናውን የሚጠብቀው ለምንድን ነው? የቡና ዋጋ ሲወርድስ እስከ መቼ ይጠብቃል?

መልሱ በድሮን አይገኝም። በለቀማ ወቅት አንዲት ቡና ለቃሚ ትመረጥ። ካሜራው ማለዳ ከቤቷ ስትወጣ ጀምሮ ይከተላት። ጣቷ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው ሲለይ በቅርብ፣ ከዚያ ፊቷ፣ ከዚያ ደኑ በሰፊው ይታይ። ቅርጫት ውስጥ የሚወድቀው ፍሬ፣ ቅጠሉን የሚመታው ዝናብ ይሰማ። ማይኩ ያልቀዳውን ሙዚቃ አይተካውም። በኦሮምኛ ከተናገረች ትርጉሙ ከስር ይጻፍ እንጂ የተራኪ ድምፅ አይጫንባት። ማታ እሸት ቡናው ሚዛን ላይ ወጥቶ ሂሳቡ ሲነገራት ካሜራው ሚዛኑን ትቶ ፊቷ ላይ ይቆይ። ተራኪው እዚህ ላይ ዝም ይበል።

ኃላፊው ከዚህ በኋላ ይጠየቅ። አሁን ጋዜጠኛው ተጨባጭ ጥያቄ ይዟል፤ ተመልካቹም መልሱን የሚመዝንበት ነገር አይቷል። ቅደም ተከተሉን መቀየር የውበት ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ጎሬም ያው ናት። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ የጊዜያዊው መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ይህንንም ብዙ ጊዜ የምንሰማው በአሮጌ ፎቶ ላይ ከሚነበብ ጽሑፍ ነው። አንድ የጎሬ ሽማግሌ ከአባታቸው የሰሙትን በከተማዋ እየተራመዱ፣ ቦታውን በጣታቸው እያሳዩ ቢናገሩ ግን ታሪኩ ነፍስ ይዘራል። እኚህ አባት ደግሞ የሚቀጥለውን በጀት ዓመት ላይጠብቁ ይችላሉ።

ቡድኑ ሁለት ቀን ብቻ ቢኖረው እንኳ አንደኛውን ለዚህ ይስጥ። ቢሮው ነገም አለ። ቡናው ግን የሚለቀመው በዓመት አንዴ ነው።