ዱባና ቅል በኅዳር ሲታጠን

ይኸውላችሁ፣ ነገሩ የተጀመረው በአንድ ዱባ ነው።

ባለፈው ኅዳር 11 ቀን ሰባታሚት፣ እህቴ ቤት ሄድኩ። (ሰባታሚት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። እኔ የምላችሁ ግን ከባሕር ዳር ወጣ ስትሉ የምታገኙትን፣ ከተሜም ገጠሬም መሆን ያቃተውን ሰፈር ነው።) ጓዳ ውስጥ አንድ ድብልብል ያለ ዱባ ተቀምጧል። «ዓይንና ጥርስ ላወጣለት ነው» አልኳት። እህቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ዱባ ወጥ ይሠራበታል እንጂ ፊት ይወጣለታል እንዴ? ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ይኼን ነው?» አለችኝ። ጋዜጠኝነት መማሬን የምታስታውሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የስልኬ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ሃሎዊን በሃሎዊን ሆኖ ሰንብቷል። ከወተት ዕቃ የተሠራ መንፈስ፣ ከእንቁላል ካርቶን የተሠራ ሸረሪት፣ ምኑ ቅጡ! ፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ማታ ልጆቻቸውን ጭራቅ አስመስለው ያለብሱና ቤት ለቤት ከረሜላ ያስለምናሉ። የዱባው ነገር ሥሩ አየርላንድ ነው። እዚያ ፊት ይቀርጹ የነበረው በሥራሥር ላይ ነበር፤ ዱባውን ያገኙት ስደተኞቹ አሜሪካ ሲገቡ ነው። ታዲያ እኛስ ምን ጎደለን? ቤት ለቤቱ እንደሆነ ሆያ ሆዬ አለልን፤ በከረሜላ ፈንታ ሙልሙል። እሳቱና ክፉ ማባረሩ ደግሞ ሃሎዊን ባለፈ በሦስት ሳምንቱ ኅዳር 12 ይመጣል። ኅዳር ሲታጠን!

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን የፈጀው ወረርሽኝ (እነሱ «የስፔን ጉንፋን» የሚሉት፣ እኛ «የኅዳር በሽታ») አዲስ አበባ ገብቶ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው አለቀ። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጠና ታመው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻው ተጠርጎ፣ ተከምሮ ይቃጠላል፤ ጭሱ በሽታን ያባርራል ተብሎ። አያቶቻችን የሚያጨሱት ቅጠልና ገለባ ነበር። እኛስ? ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ የተቀደደ ኮንጎ ጫማ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። የእህቴ ትንሹ ልጅ ማሙሽ አራት ዓመቱ ነው፤ አስም አለበት። አምና ኅዳር 12 ማታ የሰፈሩ ጭስ ቤት ገብቶ ትንፋሽ ሲያጥረው እህቴ አቅፋው ቁጭ እንዳለች ነጋ። የፕላስቲክ ጭስ ለጤነኛ ሳንባም መርዝ ነው፤ የእሱንማ አታንሱት። ግን የባሏን እናት «ዘንድሮ አያጭሱ» የሚላቸው ማን ነው? እህቴ አልደፈረችም። እኔም አልደፈርኩም። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየድኩ፦ ክምሩ ሳይለኮስ ፕላስቲኩን በጨዋታ ስም ልሰርቀው!

ማሙሽን፣ የሰባት ዓመቷን እህቱን ሚጣንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስቤ «ሃይላንድ ላመጣ ሽልማት አለው» አልኩ። እናንተዬ፣ በግማሽ ሰዓት ግቢው ሞላ! የሠራነውን ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ ሞክሩት።

መኪና፦ አንድ ሃይላንድ፣ አራት ክዳን፣ ሁለት ስንጥር። ክዳኖቹንና ጠርሙሱን በጋለ ሚስማር መብሳት (ይኼ የአዋቂ ሥራ ነው፣ ልጅ አይንካው)፣ ስንጥሩን ጠርሙሱ ውስጥ አሳልፎ ጫፍና ጫፉ ላይ ክዳን መሰካት። ፋኖስ፦ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ወንፊት እስኪመስል በሚስማር ይበሳል። አፉ ስለት ስለሆነ ዙሪያውን በጨርቅ ጠቅልሉት። ሲመሽ የስልክ መብራት ላይ ትደፉታላችሁ፤ ሻማ አያስፈልግም፣ ግድግዳው ኮከብ በኮከብ ይሆናል። ሸረሪት፦ ከእንቁላል ካርቶን አንዷን ጎድጓዳ ቆርጦ ከፌስታል ስምንት እግር መቀጠል። ሙጫችን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ እሳት ላይ የተማሰለ ነው።

ችግር የመጣው በመንፈሱ ነው። ነጭ የዘይት ጀሪካን ላይ በከሰል ሁለት ዓይንና የተከፈተ አፍ ስዬ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ማሙሽ አየውና እየጮኸ አያቱ ቀሚስ ሥር ገባ። እማማ ቀና ብለው አዩት።

«ይኼ ደግሞ ማነው?»

«መንፈስ ነው እማማ። የፈረንጅ ጨዋታ ነው።»

«በሚካኤል ዋዜማ? እኛ የምናባርረውን አንቺ ትጋብዥዋለሽ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል፣ ይላል ያገሬ ሰው። አወረድኩት። ያዳነችኝ ሚጣ ናት። ጀሪካኑን አጋድማ «አክስቴ፣ ይኼ እኮ ታንኳ ይሆናል» አለች። ጣና ዳር የደንገል ታንኳ አይታለች። አንዱን ጎን ቆርጠን ከፈትንላት፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ቀዛፊ አድርጋ አስቀመጠችበት። ማሙሽ ከቀሚሱ ሥር ቀስ ብሎ ብቅ አለ።

ትንሽ ቆይቶ እማማ ወደ ክምሩ ሄዱ። ግማሹ የለም። «ቆሻሻዬን ማን ወሰደው?» አሉ። ከዚህ በላይ መደበቅ አቃተኝና እውነቱን ተናገርኩ፤ ስለ ማሙሽ ደረት፣ ስለ አምናው ሌሊት። ዝም አሉ። እህቴ መሬት መሬት ታያለች። በመጨረሻ «እናቴ ስታጨስ እንዲህ አይከረፋም ነበር» አሉ። «ወይራና ገለባ ነበር። ይኼ ላስቲክ ከመጣ ወዲህ እኔንም ያስለኛል። እርጅና መስሎኝ።»

ለካ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። መጠየቅን ተምሬ ተመረቅሁ የምለው እኔ ጭምር።

በማግስቱ እማማ ቅጠልና ገለባቸውን፣ ላዩ ላይ ትንሽ ወይራ ጣል አድርገው ለኮሱ። እኛ ግቢ ላስቲክ አልተቃጠለም። ከአጥሩ ማዶ ግን ተቃጥሏል፤ ጭስ ደግሞ አጥር አያውቅም። ማሙሽ ማታ ሳለ፤ ግን እንደ አምናው አልነበረም። በሩን ዘግተን ፋኖሱን አበራንለት። ከስድስት በኋላ ያለውን ስለማያውቅ፣ ስድስት ሲደርስ እንደገና ከአንድ እየጀመረ ኮከቦቹን ሲቆጥር እንቅልፍ ወሰደው።

በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እሰየው ነው። የሃይላንድ መኪናችንም ነገ ተሰብሮ ተመልሶ ቆሻሻ እንደሚሆን አውቃለሁ። የሚመጣው ኅዳር ግን ሚጣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆና ከአጥሩ ማዶ ያለውን ክምር ልትዘርፍ ከወዲሁ ዝታለች።

ዱባውስ? ዱባውማ ወጥ ሆነ። ፍሬውን እማማ ቆሉልን።

ቸር እንሰንብት!