ምነው አልነሣም አለ?

እኛ ሐሙሲቶች አውሮፕላን ለመሳፈር ባሕር ዳር እንሄዳለን። ታዲያ ሩጫው ሲረዝም አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ «ምነው አልነሣም አለ?» ይላል። እናንተዬ፣ ቶሎ ቢነሣ አይደል የሚያስፈራው! ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ፣ ቦሌ ከ2300 በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉ አውሮፕላኑን እንዲሸከም የበለጠ መሮጥ ግድ ነው።

ረዳቱ «ሮቴት» ሲል አብራሪው መሪውን አይመነጭቀውም። አፍንጫውን በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ብቻ ያነሣዋል። ከቸኮለ ጅራቱ አስፋልት ይልሳል፤ 737-800 ጎማው መሬት ሳይለቅ 11 ዲግሪ ከደረሰ አለቀለት። ከዘገየ ደግሞ ሜዳው ያልቃል።

ማቆም የማይቻልበት ፍጥነትም አለ፤ ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ መነሣት ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ሲነሣ የነበረው የአየር መንገዳችን ቦይንግ 737 ሞተሮች እርግብ ዋጡ። ሁለቱም ኃይል አጥተው ሜዳ ላይ ወደቀ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጎረቤቴ እመቤቴን ሲጠራ እኔ እቆጥራለሁ። ወደ 15 ዲግሪ ለመድረስ አምስት፣ ስድስት ሰከንድ። ሦስት ላይ ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ከተለጠፈ ግን እኔም እመቤቴን እጠራለሁ።