ከአልጋ ሥር የተገኙ ጋዜጦች

በሎንዶን ከተማ በስደት ለሚኖሩ ምእመናን በማሕሌት የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ አሉ። በአንድ እሑድ ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲበተን፥ አንዲት እናት ወደ እሳቸው ቀርባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «የኔታ፥ ልጄ ጠፋብኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ልጁ ከቤት የወጣ መስሏቸው ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ቢጠይቋት፥ «ከቤትስ አልወጣም፤ የጠፋው ሃይማኖቱ ነው» ብላ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ነገሩም እንዲህ ነበር። የልጅዋን ክፍል ስትጠርግ ከአልጋው ሥር አንድ ትልቅ የካርቶን ሣጥን አገኘች። በከፈተችውም ጊዜ በአሮጌ ጋዜጣና በመጽሔት የተመላ ነበር። በአንዱ ሽፋን ላይ ኮከብ፥ በሁለተኛው ጨረቃ፥ በሌላውም ቀንዳም ምስል ተሥሎ አየች። እንግሊዝኛ ማንበብ እምብዛም ባትችልም፥ የአንዱን ስም ፊደል እየቈጠረች አነበበችው፤ «ሉሲፈር» ይላል። «ያን ዕለት በጓሮ ላቃጥለው ነበር፤ ዳሩ ግን እጄ ፈራ። እርስዎ መጥተው፥ ጸሎት አድርሰው ያቃጥሉልኝ» ብላ ለመነቻቸው። መሪጌታውም በማግስቱ ማታ ሊመጡ ቃል ሰጡ።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ እንዲህ ያለውን እሳት አስቀድመው ያውቁታልና። አባታቸው በአገር ቤት ስመ ጥር ደብተራ ነበሩ፤ ለታመመና ለተጨነቀ ሰው ክታብ እየጻፉ ይሰጡ ነበር። መሪጌታው የ20 ዓመት ጐልማሳ ሳሉ አባታቸው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ፥ በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 19 የኤፌሶን ሰዎች የአስማት መጻሕፍታቸውን አውጥተው በሕዝብ ፊት እንዳቃጠሉ፥ ዋጋውም 50,000 ብር ሆኖ እንደ ተገኘ ያነበቡትን አስበው፥ ከአባታቸው የቀረውን ክታብና ማስታወሻ ሁሉ ሳይገልጡ በአንድነት ከእሳት ጣሉት። ከጥቂት ወራትም በኋላ እናታቸው፥ «አባትህ በሕፃንነታቸው የሞቱብኝን የሦስቱን ልጆቼን የክርስትና ስምና ያረፉበትን ቀን በዚያ በትንሹ ጥራዝ ጽፎልኝ ነበር፤ ወዴት አኖርኸው?» ብለው ጠየቋቸው። መሪጌታው የሚመልሱት አጡ። እናታቸውም ትክክለኛውን ቀን ረስተውት ስለ ነበር፥ እስኪሞቱ ድረስ የልጆቻቸውን መታሰቢያ በግምት ያደርጉ ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤቱ በደረሱ ጊዜ፥ እናቲቱ ሣጥኑን ከጓሮው በር አጠገብ አውጥታ፥ ክብሪቱንም በላዩ አኑራ ጠበቀቻቸው። ልጁም ከሥራ ተመልሶ ከግድግዳው ተደግፎ ቆሞ ነበር። ተግሣጽ እንደሚመጣ ዐውቆ ፊቱን አጥቍሮአል። መሪጌታው ግን ክብሪቱን አንሥተው በኪሳቸው ጨመሩና በወንበር ተቀምጠው፥ «ልጄ፥ ከማቃጠሌ በፊት ምን እንደማቃጥል ልወቅ። እስኪ አንድ በአንድ አሳየኝ» አሉት።

ወጣቱም አስቀድሞ ያወጣው እናቱን ያስደነገጣትን ነበር። «ሉሲፈር» የተባለውን መጽሔት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1887 በሎንዶን የመሠረተችው ከቴዎሶፊ ማኅበር መሥራቾች አንዲቱ ሄሌና ብላቫትስኪ ናት፤ ከዚያም በፊት በ1879 በቦምቤ ከተማ «ቴዎሶፊስት» የተባለውን መጽሔት ጀምራ ነበር። ስለ ስሙም በመጀመሪያው ቍጥር ላይ ስትከራከር፥ ቃሉ በላቲን «ብርሃን ያዥ» ማለት እንደ ሆነና ለሰይጣን ክብር እንዳልተመረጠ ጽፋለች። ስሙ ግን ብዙ ሰው ሲያስቀይም ኖሮ በ1897 «ቴዎሶፊካል ሪቪው» ተብሎ ተለወጠ። ይህች ሴት ታደርገዋለች ስለተባለው ተአምር የመናፍስትን ነገር የሚመረምር የሎንዶን ማኅበር በ1885 ባወጣው ጽሑፍ አታላይ ናት ብሎ ፈርዶባታል። እንዲህም ሆኖ አንባብያንዋ አልተመናመኑም።

«በ1888 ባሳተመችው በትልቁ መጽሐፍዋ የኛን ሄኖክ ደጋግማ ታነሣለች» አለ ወጣቱ፤ ድምፁም ጥቂት ተፈታ። መሪጌታውም ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። መጽሐፈ ሄኖክ በሙሉ ተጠብቆ የኖረው በግእዝ ብቻ ነው፤ ጀምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ቅጂውን በ1773 ወደ አውሮጳ አመጣው፤ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ምስጢር ፈላጊዎች ሁሉ አንሥተውታል። «እንግዲህ ጥቅሱ ከኛ ቤት የወጣ ነው» አሉ መሪጌታው። «ነገር ግን ያው ሄኖክ፥ ሥራይንና ሥር መቍረጥን ለሰው ያስተማሩ ከሰማይ የወረዱት ዐመፀኞች መላእክት እንደ ሆኑ ይናገራል። የጠቀሱትን ስታነብ ያልጠቀሱትንም አንብብ።»

ሁለተኛው ክምር «ሙታንን እናነጋግራለን» የሚሉት ሰዎች ጋዜጦች ነበሩ። ይህ ነገር በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በ1848 ከፎክስ ቤተ ሰብ ሴቶች ልጆች ዘንድ ተጀመረ፤ በቤታቸው የሚሰማው ማንኳኳት የሙት መንፈስ መልስ ነው ተባለ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ1855፥ በእንግሊዝ አገር በኪትሊ ከተማ ስለዚሁ ነገር የሚናገር ጋዜጣ ታተመ። በቦስተን በ1857 የተመሠረተው «ባነር ኦፍ ላይት» ከሙታን መጣ የተባለውን መልእክት በየሳምንቱ እያተመ 50 ዓመት ቈየ። በሎንዶን በ1881 «ላይት»፥ በማንቸስተር በ1887 «ቱ ወርልድስ» ተከተሉ። ከፎክስ እኅትማማች አንዲቱ ማርጋሬት፥ በ1888 በሕዝብ ጉባኤ ፊት ቆማ፥ ማንኳኳቱ የእግር ጣትዋን መገጣጠሚያ በማንቋቋት የተደረገ ተንኰል እንደ ነበር አሳይታ ተናዘዘች። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ኑዛዜዋን ሻረች። ጋዜጦቹ ግን በኑዛዜዋም ሆነ በመሻሩ አልቆሙም።

መሪጌታው፥ «ሥሩ በተንኰል ከተገለጠ ለምን አልደረቀም?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱም መልስ ሳይሰጥ ከታላቁ ጦርነት ዘመን የተረፈውን የ«ላይት» ቅጠል ዘረጋላቸው። በዚያ ጦርነት የታወቀው የተፈጥሮ ምርመራ ሊቅ ሰር ኦሊቨር ሎጅ ልጁን ሬይመንድን በ1915 አጣ፤ በ1916ም ከልጁ ተቀበልሁ ያለውን መልእክት በመጽሐፍ አሳተመ። ልጆቻቸው በባዕድ ምድር ወድቀው መቃብራቸውን እንኳ ያላዩ እናቶችና አባቶች እንዲህ ያለውን መጽሐፍና ጋዜጣ በብዛት ፈለጉ። መሪጌታው ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ፤ የእናታቸው ጥያቄ በጆሮአቸው ተመለሰና።

በመጨረሻ የወጡት አዲሶቹ ነበሩ፤ አዲስ መባላቸውም ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ነው። በእንግሊዝ አገር ከ1735 ጀምሮ የኖረው የጥንቈላ ሕግ በ1951 ተሻረ። በ1954 ጄራልድ ጋርድነር የጥንት አረሚ አምልኮ እስከ ዛሬ አለ የሚል መጽሐፍ አወጣ። ከዚያም ወዲህ ይህን አምልኮ እንከተላለን የሚሉ ሰዎች የየራሳቸውን ጋዜጣ ያወጡ ጀመር፤ በ1964 «ፔንታግራም» በእንግሊዝ፥ በ1968 «ግሪን ኤግ» በአሜሪካ፥ በ1976 ደግሞ እስከ 2015 የቈየው «ኮልድረን» ታተሙ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በትልቅ ማተሚያ ቤት የተሠሩ አልነበሩም። በጽሕፈት መኪና ተጽፈው፥ በእጅ በሚዞር ማባዣ ተባዝተው፥ በሽቦ ተያይዘው በፖስታ የሚላኩ ጥቂት ወረቀቶች ነበሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥተው የጠፉም አሉ።

ስለዚህ እነርሱን መፈለግ ራሱ ድካም ነው። ወጣቱ እንደ ነገራቸው፥ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ከቁም ነገር ስላልቈጠሯቸው አላኖሯቸውም፤ አዘጋጆቹም ጎረቤትን ስለሚፈሩ ከፖስታ ሣጥን ቍጥር በቀር አድራሻ የማይጽፉ ነበሩ፤ ባለቤቱም ሲሞት ዘመዶቹ አፍረው ያቃጥሏቸው ነበር። በሎንዶን ግን ከ1901 ጀምሮ በሴሲል ኮርት ያለው የዋትኪንስ መጻሕፍት ቤትና በብሪቲሽ ሙዚየም አቅራቢያ በ1922 የተከፈተው አትላንቲስ ለእንዲህ ያለ ፈላጊ የታወቁ ናቸው። በ2009 የተመሠረተ አንድ ማኅበርም የቀሩትን ቅጂዎች ከያሉበት እየሰበሰበ፥ በፎቶግራፍ እያነሣ፥ ያለ ዋጋ ለማንም ያስነብባል። የአንዱ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ የሌላውን ስም ስለሚነግር፥ ወጣቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲፈልግ ኖረ።

እናቲቱ በዚህ ጊዜ ትዕግሥትዋ አለቀና፥ «ይህ ሁሉ የሰይጣን ነገር እንደ ሆነ ለምን አይነግሩትም?» አለች። ልጁም ተቈጥቶ ወደ መሪጌታው ዞረ። «የኛስ ልፋፈ ጽድቅ ምንድን ነው? ዎሊስ በጅ የተባለው ሊቅ በ1929 እዚሁ ሎንዶን አሳትሞታል፤ አንብቤዋለሁ። ከሙት ጋር የሚቀበር፥ በአስማት ስም የተመላ ጽሑፍ አይደለምን? እነርሱን የሚያቃጥል እሳት ያን ለምን አይነካውም?»

መሪጌታው አልተቈጡም። «ጥያቄህ እውነት ነው» አሉት። «በ15ኛው መቶ ዓመት ንጉሡ ዘርዐ ያዕቆብ አስማተኞችንና ጠንቋዮችን አጥብቆ ተዋግቶአል፤ ነገር ግን ክታቡ እስከ አባቴ ድረስ ደርሶአል። አባቴ ራሱ ይጽፍ ነበር፤ እኔም አቃጠልሁት። ስሕተቱን ስሕተት ነው ማለቴን ዛሬም አልተውሁም። የማዝነው ምን እንዳለበት ሳላይ ስላቃጠልሁት ነው።» ይህንም ብለው የሦስቱን ሕፃናት ነገር ነገሩት።

ወጣቱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ አንዱን የ«ላይት» ቅጠል ገልጦ በእጃቸው አኖረላቸው። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ፥ በአማርኛ፥ የአንዲት ልጅ ስምና አንድ ቀን ተጽፎ ነበር። በሌላው ቅጠልም ያው ስም ተጽፎአል፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። እናቲቱ ከመሪጌታው ትከሻ በላይ ሆና አየችውና በነጠላዋ ፊትዋን ሸፈነች። ከሦስት ዓመት ተኩል በፊት በአገር ቤት የሞተችው የሴት ልጅዋ ስም ነበር። ልጁ ለቀብር አልደረሰም፤ የዐርባዋም ጸሎት በአገር ቤት ተደረገ። እናቲቱ ኀዘኑ እንዳይበረታበት ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምዋን በቤት አላነሣችም፤ እርሱም እናቱን እንዳያስለቅስ ብሎ አልጠየቀም። «ስለ ሞቱ ሰዎች የሚናገር ሰው ያገኘሁት በእነዚህ ጋዜጦች ነው» አለ።

«መልስስ ሰጡህን?» አሉት መሪጌታው።

«ሁሉም፥ ደኅና ነኝ፥ በብርሃን አለሁ ይላሉ፤ የኔታ፥ አንዱ መልእክት ከሌላው አይለይም። ሳቅዋን የሚያውቅ አንድም አላገኘሁም።»

መሪጌታውም፥ «ሳኦል በዓይንዶር ወዳለችው መናፍስት ጠሪ በሌሊት የሄደው እግዚአብሔር ዝም ስላለው ነበር። ሄዶም ከጭንቀቱ አላረፈም፤ በማግስቱ በጦርነት ሞተ። መንገዱን ከልክዬሃለሁ፤ አሁንም እከለክልሃለሁ። ነገር ግን የሳኦልን ጭንቀት የማያውቅ ካህን ሳኦልን ሊመክር አይችልም» አሉት። ወደ እናቲቱም ዞረው፥ «ሣጥኑን አላቃጥልም። አንቺ ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ የልጅሽን ስም በዚህ ቤት ጥሪ። እርሱ የማያውቀው የሕፃንነትዋ ነገር ካለ ንገሪው» አሏት።

ወጣቱ ፍለጋውን እተዋለሁ ብሎ ቃል አልሰጠም፤ መሪጌታውም ቃል አልጠየቁትም። ሣጥኑን በገመድ አስሮ ወደ ክፍሉ መለሰው። የልጅቱን የክርስትና ስምና ያረፈችበትን ቀን ግን መሪጌታው በዳዊታቸው መጨረሻ ባለው ባዶ ቅጠል ላይ በእጃቸው ጻፉ። የሚቀጥለው መታሰቢያ በዚያው በሎንዶን፥ ወንድምዋ ባለበት እንዲደረግ ተስማሙ። ከቤት ሲወጡም በኪሳቸው የነበረውን ክብሪት አውጥተው ለእናቲቱ መለሱላት፤ እርስዋም ተቀብላ ቡና ልታፈላ እሳቱን አያያዘችበት።