ከባድ ቃልና እኛ

በዚህ ግቢ ውስጥ ከምግብ ቤት ሰልፍና ከፈተና ውጤት ቀጥሎ ብዙ የሚወራለት ነገር ቢኖር ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ቃሉ ሲከብድ ተናጋሪው የተማረ ይመስለናል። ስለዚህም የቃላት ደብተር የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው፤ በስተግራ እንግሊዝኛው፥ በስተቀኝ አማርኛው፥ በመካከሉ ቀጭን መስመር። ማታ ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይሸመደዳል። ለውጭ አገር የድኅረ ምረቃ ፈተና የሚዘጋጁት ታላላቆቻችንማ ካንዱ ወደ ሌላው የሚወረስ ረጅም ዝርዝር አላቸው፤ ጂ.አር.ኢ. የተባለው ፈተና ተቃራኒ ቃል መምረጥን እ.ኤ.አ. በ2011 ቢያስቀርም ዝርዝሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉን አልተወም።

ዳዊት በቃል በሚደገምበት አገር መሸምደድን መንቀፍ አያምርም፤ እኛም አንነቅፍም። የምንጠይቀው፥ ከተሸመደደ በኋላ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው? ብለን ነው።

ባንድ የክርክር ማታ ከጓደኞቻችን አንዱ የተጋበዙትን እንግዳ ለጉባኤው ሲያስተዋውቅ «ኖቶሪየስ» ደራሲ አላቸው። በደብተሩ ላይ የሰፈረው ትርጉም «ዝነኛ» ይላል፤ ደግሞም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን እንግሊዞች ይህን ቃል የሚሰጡት ስሙ በክፉ ለሚነሣ ሰው፥ ለወንበዴና ለአጭበርባሪ ነው። እንግዳው ጨዋ ሰው ስለ ነበሩ ፈገግ ብለው አለፉት። ጓደኛችን ግን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ድረስ በክፍል ውስጥ እጁን አላነሣም። መዝገበ ቃላቱ የቃሉን ፍች ሰጥቶታል፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ግን አልነገረውም።

እኛን የሚያሳስበን ይህ ዝምታ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፥ ሁለተኛ ደረጃንና ከፍተኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ አደረገ። ከገጠር ለመጣነው፥ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ የነበረው እንግሊዝኛ፥ ከክረምት መልስ የባዮሎጂውም የጂኦግራፊውም ቋንቋ ሆኖ ጠበቀን። በሕፃንነታቸው በእንግሊዝኛ የተማሩት የከተማ ጓደኞቻችን አንድ ከባድ ቃል ወርወር ሲያደርጉ፥ ቃሉ ብቻ ሳይሆን አእምሯችንም የጎደለ እየመሰለን አንገታችንን እንደፋለን። ነገሩን ጠለቅ ብለን ብንመረምረው ግን የሚያስደፋ ሆኖ አናገኘውም።

ሮበርት ኮድሪ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1604 ያሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተብሎ ይቆጠራል። 2,500 ያህል ቃላት የያዘ ሲሆን፥ ከዕብራይስጥ፥ ከግሪክ፥ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የተወሰዱትን ከባድ ቃላት በቀላል እንግሊዝኛ የሚፈታ ነበር። የተዘጋጀውስ ለማን ነው? ለባዕድ አይደለም፤ ላቲን ላልተማሩ ለራሳቸው ለአገሬው ሰዎች፥ ይልቁንም ለሴቶች ነው። እንግዲህ የእንግሊዝ ልጅም ይህን የመሰለውን ቃል ከእናቱ ጉያ አላገኘውም፤ እንደኛው ከዝርዝር ለቅሞታል። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ ፈረንሳይኛው ከላይ ተደረበ፥ የሊቃውንቱም ላቲን ተጨመረበት። ስለዚህ መጠየቅን የገበሬው «አስክ»፥ የፈረንሳዩ «ኩዌስችን»፥ የላቲኑ «ኢንተሮጌት» ይለዋል። ሦስቱም መጠየቅ ናቸው፤ ይሁንና በሦስተኛው የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ከፖሊስ ፊት ተቀምጧል።

አማርኛችንስ ከዚህ በምን ይለያል? ትልቅ ስንል ቆይተን ጉዳዩ ሲከበር ዐቢይ እንላለን። ጋዜጣ ስናነብ «ርእሰ አንቀጽ» የሚለውን ሁላችንም እናልፈዋለን፤ ግእዝ የቆጠረ ሰው ግን «ርእስ» ራስ፥ «አንቀጽ» በር መሆኑን ያያል። «ድኅረ» ማለት በኋላ መሆኑን አንድ ጊዜ ያወቀ ሰው ድኅረ ምረቃንም ድኅረ ጦርነትንም መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ይፈታል። ላቲንና ግሪክ ለእንግሊዝኛ እንዲሁ ናቸው። «ፕሮክራስቲኔት» የሚለውን ሰንፎች ሁሉ የምንፈራውን ቃል እንመልከት፤ በውስጡ ያለው «ክራስ» በላቲን ነገ ማለት ነው። ነገ፥ ነገ እያሉ ማሳደር! ይህን ቃል ከእንግዲህ የሚረሳ ተማሪ ቢኖር ያው ነገ አጠናዋለሁ የሚለው ብቻ ነው።

በዚህ ዓመት አምስት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ማንበብ ጀመርን። ከመካከላችን አንዱ ቅኔ ቤት ቆይቶ ዘግይቶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባ ልጅ ነው፤ እንግሊዝኛ ሲነሣ ድምፁ አይሰማም። አንድ ቅዳሜ «ዩቢኪተስ» የሚል ቃል ገጠመን። አንዱ «በየቦታው የሚገኝ» ብሎ ከደብተሩ አነበበና ሊያልፍ ሲል፥ ያ ዝምተኛ ጓደኛችን «ምሉዕ በኵለሄ ማለት ነዋ!» አለ። ዝም አልን። እውነትም «ኡቢኬ» በላቲን በሁሉ ስፍራ ማለት ሲሆን፥ የስሙ ቃል «ዩቢኪቲ» በ16ኛው መቶ ዓመት የሉተር ተከታዮች ስለ ክርስቶስ ሥጋ ሲከራከሩ በነገረ መለኮት ውስጥ የታወቀ ነበር። ዛሬ የሞባይል ስልክም ይቀጸልበታል። ጓደኛችን ስለ መለኮት የተማረው ቃል የእንግሊዝኛውን በር ከፈተለት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በንባባችን ላይ ድምፁ መሰማት ጀምሯል። ለኛ ከደብተሩ ሁሉ ይህ ይበልጥብናል።

በውኑ ግን መማሪያ መጽሐፍ ስናነብ የሚያሰናክለን እንደ «ዩቢኪተስ» ያለው ጌጠኛ ቃል ነው? አይመስለንም። አቨሪል ኮክስሄድ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ዝርዝር፥ በየትምህርቱ ዘርፍ እየተመላለሱ የሚመጡትን ቃላት በ570 ቤተ ሰብ ሰብስበዋቸዋል። «አሲዩም»፥ «ዲራይቭ»፥ «ኮንስቲትዩት» የመሳሰሉት ናቸው። ማንም በክርክር ማታ አይፎክርባቸውም፤ ሆኖም ጸሐፊው የሚያምነውንና ለጊዜው ይሁን ብሎ የተቀበለውን የሚለዩት እነርሱ ናቸው። «አሲዩም» ያመለጠው ተማሪ ግምቱን እንደ እውነት ጽፎ ይወጣል።

አሁን በእጃችን ያለው «ራሴላስ» ነው። ደራሲው ሳሙኤል ጆንሰን የፖርቱጋሉን የሎቦን የአቢሲንያ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1735 ተርጉሞ፥ በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላቱን ካሳተመ በኋላ በ1759 ይህን ታሪክ አወጣ። ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውታል። በአማራ ምድር ባንድ ሸለቆ ውስጥ ምንም ሳይጎድለው ተዘግቶበት የሚኖር የኢትዮጵያ ልዑል ከዚያ ለመውጣት ይመኛል፤ ምኞቱንም የሚናገረው ሊቅ በሚያልበው ላቲን በበዛበት እንግሊዝኛ ነው! (ያገራችን ልዑል እንደዚህ ሲናገር ስንሰማ መጀመሪያ ስቀናል።) መረብን እንኳ ከመረቡ በሚወሳሰብ ቃል የፈታ መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ከዚህ የቀለለ እንግሊዝኛ ይጻፍልን አንለውም።

ደብተራችን «ቪሲሲትዩድ» የሚለውን «መከራ» ብሎ ፈትቶት ነበር። ጆንሰን ግን በመጽሐፉ መጀመሪያ የሚያመጣው ስለ ደስታና ስለ ዕረፍት መፈራረቅ ሲናገር ነው። እንግዲህ በአማርኛ ምን እንበለው? አንዱ «ውጣ ውረድ» አለ፤ መከራው አልለቀቀውም ተብሎ ተጣለ። ሌላው «ፍርርቅ» ይበቃል አለ። የቅኔው ልጅ ከግእዝ የሚሻል ላምጣ ብሎ ሁለት ቅዳሜ ቀጠሮ ወስዷል። እስካሁን አልተስማማንም፤ ገጹም ላይ እንደ ቆምን ነን።