የመተማዋ ጽጌረዳ

ከአዘዞ እስከ አይከል ቀጋ ከመንገዱ አይለይም። በአጥር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በገደል አፋፍ እሾኹን ቀልብሶ ተንጠልጥሏል። ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ቀይ ፍሬውን በልቷል፤ ጽጌረዳ መሆኑን ግን ብዙዎች አያስተውሉም። ከሰሃራ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚበቅል ሌላ ጽጌረዳ የለም፤ ሳይንሱም በአገራችን ስም ሮዛ አቢሲኒካ ብሎታል። እኔ ባየሁት ቁጥር መኪና አስቆማለሁ።

አይከልን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር ቀጋ ይቀራል፤ ከ1,900 ሜትር በታች እምብዛም አይወርድም። ሽመልና የዕጣን ዛፍ ይተኩታል። ከገንዳ ውሃ ወዲያ ሜዳው የሰሊጥ ነዶ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መተማ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። እዚህ ጽጌረዳ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

አገኘሁ። ከድንበሩ ድልድይ ብዙ በማይርቅ ግቢ፣ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር፣ ወገቤን የሚያልፍ ቁጥቋጦ ፈዛዛ ሮዝ አበባውን ተሸክሞ ቆሟል። በበር ቆሜ ስመለከት የቤቱ እመቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ "ምን ቆመህ ታያለህ ልጄ፣ ግባ እንጂ" አሉኝ። እህታቸው ከገዳሪፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ የላከችላቸው ቁራጭ ነው።

ቅጠሉ ቀጭንና ሹል፣ እሾኹ ጥቂት፣ አበባው የማይቋረጥ ነው። የቻይና ጽጌረዳ ዘር እንዳለበት ወዲያው ጠረጠርሁ። ዛሬ በየአበባ መሸጫው የምናየው ጽጌረዳ ደጋግሞ ማበብን የወረሰው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ አውሮፓ ከገቡት የቻይና ጽጌረዳዎች ነው። እነዚያ ብርድ ሳይነካቸው ያብባሉ፤ ሙቀትም ይችላሉ።

በመተማ ከሙቀቱም በላይ የሚያስፈራው ዋልካው ነው። በክረምት ውኃ አቁሮ ሥር ያፍናል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። እኚህ እናት በድንጋይ ካብ እስከ ጉልበት ከፍ ያለ መደብ ሠርተው አሸዋና የከረመ የፍየል በጠጥ ሞልተውበታል። ላዩን በሰሊጥ አገዳ ስለሸፈኑት እርጥበቱ አይሸሽም። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! ቁራጭ የሚተክሉት በሐምሌ ነው። አበባው ከረገፈ ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያህለውን መርጠው አንድ ስንዝር ከአንጓው ሥር ሰያፍ ይቆርጣሉ፤ ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ይተዋሉ፤ ሁለት እጁን በአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ በተሞላ አሸዋ ይቀብራሉ። ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ከዚሁ ተካፍለዋል።

ቡና ሲፈላ ስለ ሌላ ጽጌረዳ አወራኋቸው። የአገራችንን ዕፀዋት በ19ኛው መቶ ዘመን የመዘገበው ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር የተተከለች ጽጌረዳ ሮዛ ሳንክታ፣ ቅድስት ጽጌረዳ ብሏት ነበር። በግብፅ ሐዋራ ፍሊንደርስ ፔትሪ ከጥንት መቃብር ያወጣው የአበባ ጉንጉንም ከእሷው ጋር ተመሳስሎ ተገኝቷል። ድቅል ናት፤ ከወላጆቿ አንዱ ቀጋ ሳይሆን አይቀርም ያሉ ሊቃውንት አሉ።

ታዲያ ቀጋን ከዚህ ቁጥቋጦ ጋር ብናዳቅለውስ? ቀጋ 14 ክሮሞዞም አለው፤ አብዛኛው የዘመኑ ጽጌረዳ 28። የሁለቱ ልጅ 21 ይዞ ይወለድና ብዙ ጊዜ መካን ይሆናል። የጥንቶቹ የቻይና ጽጌረዳዎች ግን እንደ ቀጋ ብዙዎቹ ባለ 14 ናቸው። የቀጋን ጥንካሬና የዚህን ሙቀት ቻይነት አንድ ላይ የያዘ ችግኝ ከተገኘ ለቆላው ሁሉ ይተርፋል፤ ይህን ከልቤ አምናለሁ።

አሠራሩን ነገርኋቸው፦ እምቡጡ ሳይፈነዳ የአበባውን ቅጠልና የወንዴውን ክፍል መልቀም፣ በማግስቱ የቀጋን የአበባ ዱቄት በላባ መቀባት፣ በወረቀት መሸፈን። ፍሬው ለመብሰል አራት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ዘሩም ሳይዘራ በእርጥብ አሸዋ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል።

"ዱቄቱ ከአይከል እዚህ እስኪደርስ አይበላሽም?" አሉ።

"በጥላ ደርቆ በወረቀት ከተጠቀለለ ቀናት ይቆያል፤ አውቶቡሱ ደግሞ በዕለቱ ይገባል።"

"እንግዲያው ቀጋው ሊያብብ ሲል ደውልልኝ፤ እምቡጡን በዋዜማው አሰናዳዋለሁ" አሉና ሦስተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።