ማር የተጨመረበት ጠላ

ጠላ ከገብስና ከጌሾ ይጠመቃል፤ ጠጅ ከማርና ከጌሾ ይጣላል። ባለሞያ ሴት ሁለቱን በየዕቃቸው ለይታ ታኖራለች፤ ጠጪውም የጠላውን ልክና የጠጁን ልክ ለይቶ ያውቃል። ይሁን እንጂ ችግር ወይም አክብሮት ሁለቱን የሚያቀላቅልበት ጊዜ አለ።

በጎጃም በደብረ ማርቆስ የምትኖር አንዲት ባልቴት በጠላዋ የተመሰገነች ነበረች። ጋኑን በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ ጌሾውን ጠንስሳ፥ ብቅሉንና ቂጣውን ጨምራ፥ በኋላም እንኩሮውን ደፍድፋ፥ ሲደርስ በውኃ ትሞላዋለች። አንድ ዓመት የማኅበር ተራዋ ሲደርስ ግን ገብሱ አነሰ፤ ብቅሉም ጥቂት ሆነ። ድፍድፉን በበጠበጠችው ጊዜ ብትቀምሰው ቅራሪ መሰላት። እንግዶቿን፥ ይልቁንም ልጆቿን ፊደል ያስቈጠሩትን ሽማግሌ መምህር፥ እንዲህ ባለ ጠላ ማስተናገድ አሳፈራት። ስለዚህ ለመድኃኒት ያኖረችውን ማር አውጥታ በጋኑ ጨመረችና አፉን መርጋ ዘጋችው።

በአምስተኛው ቀን ከፍታ ብትቀምሰው አንዳች ጣፋጭነት አላገኘችበትም። «ማሬን በከንቱ አፈሰስሁት» ብላ አዘነች፤ ለማንም ሳትናገር ቀረች።

በማኅበሩ ዕለት መምህሩ እንደ ልማዳቸው ሦስት ዋንጫ ጠጡ። ጠላው ቀጭንና ለመጠጣት የቀለለ ስለ ነበረ ማንም አልጠረጠረውም። ሊሄዱ በተነሡ ጊዜ ግን ጕልበታቸው ከዳቸው፤ ተማሪዎቻቸው እያዩአቸው በሁለት ሰው ተደግፈው ወጡ። በዕድሜያቸው ሙሉ ስካር ያልተሰማባቸው ሰው ነበሩና ከኀፍረት የተነሣ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጡም።

የነገሩ ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር ከ1857 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳስረዳው፥ መጠጥን የሚያፈላው ሕያው የሆነ እርሾ ነው፤ ምግቡም ስኳር ነው። ከገብስ የሚወጣውን እርሾ ሁሉን አይበላውም፤ የተረፈው ለጠላው ውፍረት ይሆነዋል። የማር ስኳር ግን ለእርሾ እንደ ተዘጋጀ ማዕድ ስለ ሆነ፥ ጊዜ ካገኘ ጥቂት ብቻ አስቀርቶ ይጨርሰዋል። አንድ ኪሎ ማር 800 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ እርሾው ሲበላው ግማሽ ያህሉ አልኮል ይሆናል፥ የቀረውም አረፋ እያስነሣ ወደ አየር ይወጣል። ይህ ማር በ20 ሊትር ጠላ ቢጨመር፥ ግማሽ ሊትር ያህል አልኮል ያክልበታል። እንግዲህ የባልቴቲቱ ማር ጣዕሙን ትቶ ኃይል ሆነ እንጂ አልጠፋም።

ጠጅ የምትጥል ጎረቤቷ ነገሩን ባስረዳቻት ጊዜ፥ ባልቴቲቱ ወደ መምህሩ ሄዳ፥ «የኔታ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠላው ማር ነበረበት» አለች።

እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ማሩስ መልካም ነበረ፤ እኔን የጣለኝ አለመናገርሽ ነው» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ጠላዋ እንዲጣፍጥ ስትሻ ማሩን የምትጨምረው በሚቀርብበት ሰዓት፥ በዋንጫው ላይ ነው፤ እንዲበረታ ስትሻም በጋኑ ትጨምራለች፥ ነገር ግን ሳትናገር አትቀዳም። ተራዋ ዳግመኛ በደረሰ ጊዜ በመምህሩ ፊት ቆማ፥ «ማር አለበት» አለች።

«እንግዲያውስ ግማሽ ይበቃኛል» አሉ መምህሩ። በዚያም ቀን ምርኵዛቸውን ይዘው፥ በገዛ እግራቸው ወደ ቤታቸው ገቡ።